ስልኩን ከመክሰሳችን በፊት አፋችንን እንመርምር

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

 እንደሚታወቀው ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ሁለት ነገሮች ተነሥተው ሳይቋጩ ቀርተዋል። አንደኛው፣ በማኅበራችን አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊጀመር የታሰበው የስልክና የኮምፒውተር መለማመጃ «ይቅርብን» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሰፈራችን ልጅ ላይ የደረሰውን ነገር መነሻ አድርጎ «የጥፋቱ ሁሉ ምንጭ ስልክ ስለ ሆነ፣ ለልጁ ስልክ የሚያስይዝ ወላጅ በማኅበሩ ይቀጣ» የሚል ነው። ለሁለቱም ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተደርጎላቸዋል።

በዕለቱ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይከራከርም ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ቤቴ ገባሁና እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ያልተናገርኩትን ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ እናገራለሁ። ይኸ የሥራ አመራር ኮሚቴው ሐሳብ አይደለም፤ የራሴ ነው። የሚቃወመኝ ሰው ካለ ሰሌዳው ሰፊ ነው፤ ጽፎ ያምጣ፣ ማኅተሙን እኔው መትቼ እለጥፍለታለሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ቀን የትምህርት ቤት ጥበቃ ነኝ፤ ደወልም እደውላለሁ፣ ሲታዘዝም ወረቀት አመላልሳለሁ። ማታ የማኅበሩን መዝገብ እይዛለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ነው። ስለ ትምህርት የምናገረው እንግዲህ ከጥቁር ሰሌዳው በኩል ሆኜ ሳይሆን ከበሩ በኩል ሆኜ ነው። ከበሩ በኩል ግን ብዙ ነገር ይታያል። መምህር ልጁን የሚያየው ተቀምጦ ነው፤ እኔ የማየው ሲገባና ሲወጣ ነው። የትኛው ልጅ እየሮጠ እንደሚገባ፣ የትኛው ደግሞ ደወሉ እስኪደወል ከአጥሩ ሥር ተደብቆ እንደሚቆይ አውቃለሁ። የሚደበቀው ሁሉ ሰነፍ አይደለም። የሚፈራው ሰው ስላለ ነው።

ምን ሆነ?

ነገሩን በአጭሩ ላስታውስ። የልጁን ስም አልጽፍም፤ ስሙ ከሚበቃው በላይ ተጎትቷል። ከከተማው ዳር፣ ከአንኮበር መውጫ በኩል፣ በእግሩ የሚመጣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ጧት ታውቁታላችሁ፤ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ፣ የበሬሳ ውኃ ዳር ዳሩ ረግቶ ነው የሚነጋው። ልጁ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ይደርሳል። አንድ ቀን መምህሩ ተነሥተህ አንብብ ይሉታል። ከብርዱ ይሁን ከፍርሃቱ አንደበቱ ተያያዘ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ በስልኩ ቀረጸው። ማታውኑ ሣቅ ተጨምሮበት፣ ቅጽል ስሙ ከሥሩ ተጽፎበት፣ በቴሌግራም ተለቀቀ። በነጋታው በትምህርት ቤቱ ያላየው ልጅ አልነበረም። እዚህ ሰፈርም ያላየው ትልቅ ሰው ጥቂት ነው። ልጁ በሦስተኛው ቀን ቀረ። እነሆ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

በስብሰባው ላይ ስለዚህ ነገር ሦስት ሐሳብ ሰማሁ። ሦስቱንም በየተራ ላንሣቸውና የሚመስለኝን ልበል።

አንደኛ፤ «እኛም እንዲሁ እየተሰዳደብን ነው ያደግነው»

ይህን ያሉት የማከብራቸው አባት ናቸው። «ልጅ ካልተሰደበና ካልተጎነተለ ወኔ አይኖረውም፤ እኛም ተሰድበን ሰው ሆነናል» አሉ። አዳራሹም ሣቀ።

አባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ «ሰው ሆነናል» የሚለው እኮ እዚያ አዳራሽ የተቀመጠው ነው። ያልተቀመጠውን ማን ቆጠረው? ከትምህርት ቤት ተሸማቆ የወጣ ሰው በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «እኔ ግን አልሆንኩም» አይልም። ዝም ይላል። ከዝምተኞቹ አንዱ እኔ ነኝ፤ ዛሬ ልናገር።

ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁት ትምህርት ከብዶኝ አልነበረም። ሒሳብ እወድ ነበር። ከገጠር ነበር የምመጣው፤ የለበስኩት ሱሪ መቀመጫው ላይ በሌላ ቀለም ጨርቅ ተጥፎ ነበር። ትልልቆቹ ልጆች ጥፉን እያዩ ስም አወጡልኝ። መንገድ ላይ ጠብቀው እርሳሴን ይወስዳሉ፣ ለእናቴ የጠፋብኝ እየመሰላት እገረፋለሁ። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ወጥቼ ስጽፍ ከኋላዬ ያንን ስም ጠሩት። ክፍሉ ሣቀ። ዞር ስል መምህሩም ሣቁ። ልጆቹ ሲሥቁ ችዬው ነበር፤ መምህሩ ሲሥቁ ግን እግሬ ከዳኝ። በማግስቱ ከብት ይዤ ወጣሁ። እናቴ ለምን ብትለኝ «ራሴን ያመኛል» አልኳት። ከዚያ በኋላ ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ያ ስም ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። የሰደቡኝ ልጆች ግን ዛሬ ባገኛቸው አንዱም አያስታውሰው ይሆናል። «ተሰድበን አደግን» የሚል ሰው መጀመሪያ ራሱን ይጠይቅ፤ ተሰዳቢ ነበርኩ ወይስ ተሳዳቢ?

ሁለተኛ፤ «ጥፋቱ የስልኩ ነው»

እዚህ ላይ ግማሽ እስማማለሁ። በክፍል ውስጥ ስልክ ምንም ሥራ የለውም። ልጅ ሲማር ስልኩ ከመምህሩ ዘንድ ወይም ከቤት መቀመጥ አለበት። ሌሊትም ከአልጋው መለየት አለበት። ይህን የሚከራከር ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን «ስልኩ ባይኖር ልጁ አይሰደብም ነበር» የሚለውን አልቀበልም። የእኔን ጥፍ ሱሪ የቀረጸ ስልክ አልነበረም። ስልኩ ያደረገው ነገር ሣቁን ማራዘም ነው። ድሮ ስድብ ከትምህርት ቤት በር ላይ ይቀር ነበር፤ ልጁ ቤቱ ገብቶ ያርፍ ነበር። ዛሬ ከቤቱ፣ ከምኝታው ድረስ ተከትሎት ይገባል። ይኸ ትልቅ ልዩነት ነው፤ አልክድም። የተዘራው ዘር ግን የእኛው ነው፣ የድሮው ነው።

ምን ያህል የድሮ እንደ ሆነ ላሳያችሁ። ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱት ከዚህ ብዙም በማይርቀው አንጎለላ በ1836 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ሸዋ ሳሉም አንኮበር ላይ ተቀምጠው ገዝተዋል። በኋላ ስልኩንም፣ ባቡሩንም፣ ፖስታውንም ወደ አገራችን ያስገቡት እሳቸው መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስልክ ሲመጣ «የሰይጣን ሥራ ነው» ያሉ ሰዎች እንደ ነበሩም ይነገራል። እኚህ ንጉሥ በጥር ወር 1900 ዓ.ም. አንድ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ስለ ጦርነት አይደለም፣ ስለ ግብርም አይደለም። ስለ ስድብ ነው።

የአዋጁን ሐሳብ በራሴ ቃል ላስቀምጠው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን፣ የሚነግደውን ሁሉ በሥራው እየተሰደበ አስቸገራችሁ፤ ሞያ የሌለው ሰነፍ ባለሞያውን እየሰደበ ጥበብን ከአገር አጠፋ፤ የሰው ልጅ ሁሉ ዘሩ አንድ፣ የአዳምና የሔዋን ልጅ ነው፤ ከእንግዲህ ሰውን በሥራው ሲሰድብ የተገኘ አንድ ዓመት ይታሰራል ነው የሚለው። ልብ በሉ፤ ጸሐፊም ተቆጥሯል! የሚጽፍን ሰው ጠንቋይ ይሉት ነበርና።

ንጉሡ ምን እንደ ገባቸው አያችሁ? አገሬ ባቡር አይቶ፣ ስልክ አይቶ፣ መድፍ አይቶ ለምን እሱኑ ራሱ አይሠራም ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱ ስድብ ሆኖ አገኙት። የቀጥቃጭ ልጅ «ቡዳ» እየተባለ ካደገ የአባቱን መዶሻ ጥሎ ይጠፋል። ከመዶሻው ጋር ጥበቡም ይጠፋል። በአንኮበር ዙሪያና በሰሜን ሸዋ በየጎጡ ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ምጣዱንና ገንቦውን የሚሠሩልን ባለ እጆች ናቸው። በእነሱ ማረሻ አርሰን፣ በእነሱ ምጣድ ጋግረን በልተን፣ ስማቸውን ግን ስድብ አደረግነው። ከአዋጁ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖናል። ስድቡ ቀርቷል የምትሉ እጃችሁን አውጡ። አልቀረም። አዋጅ ብቻውን አፍ አይዘጋም ማለት ነው።

በቅርቡ ደግሞ አዲስ ስድብ ጨምረናል። ከወለጋና ከሌላም አካባቢ ቤት ንብረታቸውን ጥለው ወደ ከተማችን የመጡ ወገኖቻችን ልጆች ከልጆቻችን ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። በሩ ላይ ቆሜ ስሰማ «አንተ ተፈናቃይ!» እየተባሉ ይጠራሉ። ወገኖቼ፣ ተፈናቃይ የደረሰበት ነገር ነው እንጂ የልጁ ስም አይደለም። ይህንን ቃል ልጆቻችን ከቴሌግራም አልተማሩትም። ቡና ላይ ስንጠራው ሰምተው ነው።

ሦስተኛ፤ «ይህ ነገር የልጆች ነው፤ እኛ አርጅተናል»

የቅዳሜው መለማመጃ ይቅር ያሉት ወገኖች ያቀረቡት ምክንያት ይህ ነው። «ሽበት አብቅሎ ስልክ ሲጎረጉር መታየት ነውር ነው» ያሉም አሉ። አንድ ወንድማችን ደሞ ወደ እኔ እያዩ «ስድስተኛ ክፍል ይዞ ኮምፒውተር!» አሉ። ይኸም ተሣቀበት። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን አልጻፍኩትም።

አሁን የኮምፒውተሩን ነገር ላጫውታችሁ። የምሠራበት ትምህርት ቤት የተማሪዎች መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር፣ የአርፋጅና የቀሪ ተማሪ ቁጥር ከበር እየተመዘገበ ይምጣ ተባለና እኔም እንድማር ታዘዝኩ። ቢሮ ገባሁ። «ማውሱን ያዘውና ወደ ላይ አድርገው» አሉኝ። እኔም አንሥቼ ወደ ላይ፣ ወደ ስክሪኑ አነጣጠርኩት፤ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት መስሎኝ! ቢሮው በሣቅ ፈረሰ። አንዱ ስልኩን ሲያወጣ አየሁት። ምን ልበላችሁ፤ እንደዚያ ቀን ሰሌዳው ፊት ሆንኩ። በአርባ ምናምን ዓመቴ፣ ልጆች አሳድጌ፣ ያ ጥፍ ሱሪ ተመልሶ መቀመጫዬ ላይ መጣ። ማውሱን አስቀምጬ ወጣሁ፣ አራት ወርም ወደዚያ ቢሮ ዝር አላልኩ። «ዓይኔ አያይም» አልኩ። ዓይኔ ደኅና ነው። ውሸቴን ነው።

ያስተማረችኝ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናቷን ስትጠብቅ በሩ ላይ ትቀመጣለች። አንድ ቀን መዝገቤን አይታ፣

«ጋሼ፣ ይኼን ሁሉ በእጅዎ ነው የሚደምሩት?» አለችኝ።

«አዎ ልጄ፤ ኮምፒውተሩን አላውቅበትም» አልኳት።

«እኔም አምና አላውቅም ነበር'ኮ» አለች።

አለቀ። ይህቺ አንዲት ቃል ናት በሩን የከፈተችልኝ። አልሣቀችም፣ አላዘነችልኝምም፤ እሷም አምና እንደማታውቅ ብቻ ነገረችኝ። ከዚያ የተማሪ እረፍት ሰዓት እየጠበቅን በኃላፊው ፈቃድ ቢሮው ውስጥ ተቀምጠን ጀመርን። ኪቦርዱ ላይ የፈረንጁን «ኤስ» ስነካው «ስ» ወጣ፤ «ዩ» ባስከትልበት «ሱ» ሆነ፤ «ኤ» ብነካ «ሳ»። ፊደላችን እዚያ ውስጥ አለ! ለካ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የግእዝ ፊደል በዓለም የኮምፒውተር ፊደሎች ሠንጠረዥ ገብቶ ኖሯል። እኛ «የፈረንጅ ነገር» እያልን ስንፈራው ፊደላችን ቀድሞን ገብቶ ተቀምጧል። የመጀመሪያዋን ቀን የጻፍኩት የእናቴን ስም ነው።

ስለ እናቴም ልናገር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኔ ጡት የምጠባ ልጅ ነበርኩ። ስለዚያ ዘመን መንግሥት ብዙ ክፉ ነገር ይነገራል፣ እውነትም ነው፤ ስንት ልጅ ያለቀበት ዘመን ነው። መሠረተ ትምህርቱን ግን አልረሳውም። በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ሲሰጥ የነበረ ነው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. ከዩኔስኮ የመሃይምነት ማጥፋት ሽልማት አግኝቷል። እናቴ እኔን አዝላ፣ ከአማቷ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሀሁ ቆጠረች። ያስተማራት ከከተማ የመጣ፣ ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ነበር። እሷ እንደምትለው ጎረምሳው መጀመሪያ ያስተማራቸው ፊደል አልነበረም። «እዚህ ቤት ውስጥ በተሳሳተ ሰው የሚሥቅ ከውጭ ይቆማል» አላቸው። ከዚያ ሀ አለ። እናቴ እስክታርፍ ድረስ የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ራሷ ታነብ ነበር።

ታዲያ የእኛ እናቶች ልጅ አዝለው ፊደል ሲቆጥሩ ያልሆነ ነውር፣ እኛ ስልክ ስንማር ከየት መጣ?

ነገሩ ደግሞ የጌጥ አይደለም። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ የማኅበራችን መዋጮ ሳይቀር ከፊሉ በዚያ ይገባል። የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር በባንክም በሌላም ቢሮ ይጠየቃል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒውተር ተሰጥቷል። በዚያው ዓመት ክረምት ላይ 5 ሚሊዮን ሰው የኮምፒውተር ኮድ እንዲማር የሚል አገር አቀፍ ፕሮግራም ተጀምሯል። ጊዜው ሄዷል። «እኛ አርጅተናል» የሚል ሰው ጊዜው አይጠብቀውም፤ ሌባው ግን ይጠብቀዋል። ከመካከላችን አንዲት እናት የሚስጥር ቁጥራቸውን ለጎረቤት ልጅ ነግረው ብር ሲያስልኩ ይኖራሉ። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ በስልክዎ የመጣውን ቁጥር ይንገሩኝ» ብሎ ለሚደውል አጭበርባሪ ቁጥሩን አንብበው የሰጡ አባትም አሉ። ሁለቱም ገንዘባቸውን አጡ። ከገንዘቡ የባሰው ለማንም አልተናገሩም። ለምን? ይሣቅብናል ብለው ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ነገሮች አንድ መሆናቸውን እዚህ ላይ እዩልኝ። ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረውና እኚያን እናት አፋቸውን ያስያዘው አንድ ነገር ነው፤ እሱም ሣቅ ነው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እንላለን፤ የጠየቀውን ደግሞ እንሥቅበታለን። በሚሣቅበት ቤት ማንም አይጠይቅም፣ ካልጠየቀም አይማርም። መለማመጃውን ሰርዘን፣ ስልኩን ነጥቀን፣ ሣቁን ግን አስቀርተን ብንወጣ ምን ሠራን? በሽታውን ትተን ቴርሞሜትሩን ሰበርን ማለት ነው።

ግለ ሂስ

ድሮ በየስብሰባው ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነገር ነበር። ብዙ ጊዜ ሰው ማጥቂያ ሆኖ ቀረ እንጂ ቃሉ ደግ ነበር። ዛሬ ማንም ሳያስገድደኝ የራሴን አቀርባለሁ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ሳምንት የፈጀብኝም በዚህ ምክንያት ነው።

ከቪዲዮው ሥር የተጻፈው ቅጽል ስም «ውርጩ» የሚል ነው። ሁላችሁም አይታችሁታል። ያንን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ጧት ጧት እየተንቀጠቀጠ ሲደርስ «ውርጩ መጣ! በሩን ክፈቱለት፣ ፀሐይ ሳያገኘው!» እል ነበር። ጨዋታ ነበር። እወደው ነበር፤ ከእሳቱ ዳር አስጠግቼ አሞቀውም ነበር። እሱም ፈገግ ይል ነበር፤ ደስ ያለው መስሎኝ ነበር። ከኋላው የሚገቡት ልጆች ሰሙ። ከበር እስከ ክፍል፣ ከክፍል እስከ ሰሌዳ፣ ከሰሌዳ እስከ ስልክ ሄደ። ቀራጩ ልጅ ቪዲዮውን ሠራ፤ ስሙን ግን ከእኔ ተቀብሎ ነው። የዚያ መምህር ሣቅ ከትምህርት ቤት ያስወጣኝ ሰው፣ እኔው በተራዬ በር ላይ ቆሜ ያንኑ ሠራሁ። ሳላውቅ ነው ብል መምህሩም ሳያውቁ ነው።

ባለፈው እሑድ ከልጁ ቤት ሄጄ ነበር። እናቱ ቡና አፈሉልኝ። ጥፋቴን ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉና «እሱ እኮ የሚያወራው ስለርስዎ ነበር፤ ያሞቁኛል ይላል» አሉኝ። ልጁ ከጓዳ ነበር፤ አልወጣም። እንዲወጣም አላስገደድኩም። በበሩ በኩል በትክክለኛ ስሙ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። መልስ አልሰጠኝም፤ መብቱ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

ሕግ የለም ለሚሉ ሕግ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ መሆናቸውን ይደነግጋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ በጽሑፍ፣ በምስል ወይም በቪዲዮ ሰውን ማስፈራራትና ስም ማጥፋት በእስራት እንደሚያስቀጣ ይናገራል። ይህን የማነሣው የጎረቤት ልጅ ይታሰር ብዬ አይደለም። ቀራጩም ልጃችን ነው፤ እሱም ቢሆን መማር አለበት። «የልጅ ጨዋታ ነው» እያላችሁ ቪዲዮውን ከስልክ ወደ ስልክ የምታስተላልፉ ትልልቅ ሰዎች ግን እናንተ ልጆች አይደላችሁም። ምን እያደረጋችሁ እንደ ሆነ እወቁ።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ

1ኛ. ቪዲዮው በስልካችሁ ያለ ሁሉ ዛሬ ማታ ይሰረዝ። ወላጅ ከልጁ ጋር አብሮ ተቀምጦ ይሰርዘው። «ለምን ይሰረዛል?» ብሎ ልጁ ሲጠይቅ መልስ መስጠት የወላጅ ፋንታ ነው። ስልኩን መንጠቅ ቀላል ነው፤ ማስረዳት ነው የሚከብደው።

2ኛ. ስልክ ያስያዘ ወላጅ ይቀጣ የሚለው ሐሳብ ውድቅ ይሁን። በምትኩ የማኅበሩ ኮሚቴ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጋር ተነጋግሮ፣ በክፍል ውስጥ ስልክ እንዳይኖር፣ የተሰደበ ወይም የተቀረጸ ልጅም ሳይፈራ የሚነግረው አንድ የታወቀ ሰው በትምህርት ቤቱ እንዲመደብ ይጠይቅ።

3ኛ. የቅዳሜው መለማመጃ ይጀመር። ከብር አላላክ፣ ከሚስጥር ቁጥር አያያዝና አጭበርባሪን ከመለየት ይነሣ። አስተማሪዎቹ የራሳችን ልጆች ይሁኑ። ልጅ ትልቅ ሰውን በትዕግሥት ሲያስተምር ራሱም መከበርን ይማራል። የመለማመጃው ደንብ አንድ ብቻ ይሁን፤ በተሳሳተ ሰው የሚሥቅ ከውጭ ይቆማል።

4ኛ. በስብሰባችን፣ በለቅሶ ቤታችን፣ በቡናችን ሰውን በሥራው፣ በመጣበት አገር፣ በአካሉ፣ በድህነቱ መጥራት ይቅር። ጥፋቱን ያየ ሁሉ «ስሙ ማነው?» ብሎ ይጠይቅ። ይህቺ ጥያቄ ብቻ ስንቱን አፍ ታስይዛለች።

አንዳንዶቻችሁ «ይኼ ዘበኛ ደሞ ሊያስተምረን ተነሣ» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፤ ዘበኛ ነኝ። ዘበኛ የሚቀጠረው ሌባ እንዳይገባ ነው። እኔ ግን ስጠብቅ የኖርኩት ወንበርና ቆርቆሮ ነው፤ ከዚያ በር የወጣውን ልጅ አልጠበቅሁትም። ከእንግዲህ በዚያ በር የሚገባውን ልጅ ሁሉ አባቱ ባወጣለት ስም እጠራዋለሁ። ያን ልጅም እጠብቀዋለሁ። የመጣ ቀን እሳቱ ዳር ቦታው አለ።

የሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ድምፅ ይሰጥበታል። የተቃወማችሁኝም ኑ፤ በተለይ እናንተ ኑ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የማኅበሩ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ የተተየበው በማኅበሩ ጸሐፊ እጅ፣ በኮምፒውተር ነው። የፊደል ግድፈት ያገኘ ሰው በጽሑፍ ያሳየኝ፤ አርማለሁ፣ አመሰግናለሁም።